የሬቲናን ኤሌክትሪክ መለካት፦ ከቸርችል ጎዳና፣ የኢአርጂ መሣሪያ ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 2017፣ 1ኛ ሳምንት

ሬቲና፣ በዓይን ኋላ ያለው ብርሃን የሚቀበለው ስስ ንብርብር፣ ብርሃን ሲያርፍበት በጣም ትንሽ ቮልቴጅ ያወጣል። ያንን ከዓይን ዙሪያ ቀድቶ መመዝገብ ኤሌክትሮሬቲኖግራፊ ነው፤ በአጭሩ ኢአርጂ። ስዊድናዊው ሳይንቲስት ሆልምግሬን በእንቁራሪት ዓይን ላይ ያየው እ.ኤ.አ. በ1865 ነው፤ የዓይን ሐኪሙ ካርፔ ደግሞ በ1945 ክሊኒክ አስገባው። መርሁ አዲስ አይደለም። አስቸጋሪው ነገር ቁጥሩ የሚታመን እንዲሆን ማድረግ ነው።

ከአንድ ብልጭታ በኋላ የምንፈልጋቸው ሦስት ነገሮች አሉ። መጀመሪያ ወደ ታች የሚወርደው ኤ ሞገድ የብርሃን ተቀባይ ሴሎችን ያሳያል። ቀጥሎ ወደ ላይ የሚወጣው ቢ ሞገድ በዋናነት ከእነሱ ምልክት ከሚቀበሉት ባይፖላር ሴሎች ይመጣል። ከቢ በኋላ እንደገና ዝቅ የሚለው ፒኤችኤንአር ደግሞ ከጋንግሊዮን ሴሎች ነው። ሥራውን ያስጀመረን ይህ ሦስተኛው ነው። የዓይን ነርቭ የሚሠራው ከእነዚህ ሴሎች ክር ነው፤ ግላኮማ፣ የቲቢ መድኃኒቱ ኢታምቡቶል፣ አልዛይመርና ፓርኪንሰን የሚነኩት ይህንን ንብርብር ነው።

የምንከተለው የዓለም አቀፉን የዕይታ ክሊኒካዊ ኤሌክትሮፊዚዮሎጂ ማኅበር፣ የአይኤስሲኢቪን ደረጃ ነው፤ የመጨረሻው የሙሉ መስክ ኢአርጂ ማሻሻያ የ2022 (እ.ኤ.አ.) ነው። ግድግዳ ላይ የለጠፍናቸው ቁጥሮች፦ ብልጭታ ከ5 ሚሊሰከንድ የማይበልጥ፤ መደበኛ ጥንካሬ 3 ካንዴላ ሰከንድ በካሬ ሜትር፤ የብርሃን መልመጃ ጀርባ (ከብልጭታው በስተኋላ ሳያቋርጥ የሚበራው ብርሃን) 30 ካንዴላ በካሬ ሜትር፤ ፊልተር ከ0.3 እስከ 300 ኸርዝ፤ የኤሌክትሮድ ኢምፒዳንስ (ቆዳውና ኤሌክትሮዱ ለከረንት ያላቸው እንቅፋት) ከ5 ኪሎ ኦም በታች። ከዚህ በኋላ «በካሬ ሜትር» የሚለውን እየዘለልን ነው የምንጽፈው።

ክፍሉ ከፖስታ ቤት ወደ ፒያሳ በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለ አሮጌ ሕንፃ 3ኛ ፎቅ ነው። አንድ መስኮት፣ ሁለት ሶኬት።

ጥቅምት፣ 2ኛ ሳምንት፦ ማጉያው ሞላ

ኤዲ620 በሚባል የማጉያ ቺፕ ጀመርን። ሞጁሉን መርካቶ በ650 ብር ገዛነው። ጌይኑን (ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ) የሚወስነው አንድ ሬዚስተር ነው፦ 49.4 ኪሎ ኦም ለሬዚስተሩ ይካፈልና 1 ይደመርበታል። 49.9 ኦም አስገብተን 991 እጥፍ አደረግነው። ኤሌክትሮዱ ቆዳ ላይ እንደተለጠፈ መውጫው ጣሪያው ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ምክንያቱ ሬቲና አይደለም፤ ብረትና ቆዳ ሲገናኙ የሚፈጠረው ቋሚ ቮልቴጅ ነው። ሁለት ኤሌክትሮዶች ፍጹም እኩል ስለማይሆኑ በመካከላቸው 10 ወይም 20 ሚሊቮልት ልዩነት ይቀራል። 10 ሚሊቮልት በ991 ሲባዛ 10 ቮልት ነው፤ በሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ማጉያ ደግሞ እዚያ አይደርስም። መደረግ ያለበት መጀመሪያ ጥቂት ማጉላት፣ ከዚያ ቋሚውን ቮልቴጅ በካፓሲተር መቁረጥ፣ ከዚያ እንደገና ማጉላት ነው። ሬዚስተሩን በ5.6 ኪሎ ኦም ቀይረን ጌይኑን ወደ 9.8 አወረድነው፤ ከኋላው 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና 560 ኪሎ ኦም አደረግን፤ ቁርጡ፣ ማለትም ከዚያ በታች ያለው ዝግተኛ ሲግናል የሚወገድበት ወሰን፣ 0.28 ኸርዝ ላይ ይወድቃል። ቀጥሎ 100 እጥፍ።

እዚህ ላይ አንድ ቀን ሙሉ የበላ ስህተት፦ ካፓሲተሩ ኤሌክትሮሊቲክ ነበር። ኤሌክትሮሊቲክ ጥቂት ከረንት ያሳልፋል፣ መነሻ መስመሩም ሲንሳፈፍ ይውላል። በፊልም ካፓሲተር ሲተካ ቆመ።

ሞገድ ግን ገና አልታየም። የምንመዘግብበት ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ፣ የአርዱዊኖ ኡኖ፣ ቮልቴጁን ወደ ቁጥር የሚለውጥበት መቀየሪያ 10 ቢት ነው፤ አንዱ ደረጃ 4.9 ሚሊቮልት፣ ወደ መግቢያው ሲመለስ 5 ማይክሮቮልት ይሆናል። ከቆዳ የሚቀዳ ፒኤችኤንአር ራሱ ከዚያ ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ይህን መንገድ ተውነው።

ጥቅምት መጨረሻ – ኅዳር መጀመሪያ፦ ኤሌክትሮድ

ለኢአርጂ የሚመረጠው ኮርኒያ ላይ የሚያርፍ ኤሌክትሮድ ነው፤ ለምሳሌ ዲቲኤል የሚባለው በብር የተለበጠ ቀጭን የናይሎን ክር። ሲግናሉ ትልቅ ነው። እኛ ግን በቆዳ ኤሌክትሮድ ለመሥራት ወሰንን። ኮርኒያ የሚነካ ነገር ንጽሕናውን በዚህ ክፍል ውስጥ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ዓይን ደግሞ መሞከሪያ አይደለም። ዋጋው ሲግናሉ ወደ አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በታች መውረዱ ነው፤ ይህ በብዙ ቅጂ አማካይ ይካካሳል።

ዲስኮቹን ያሠራነው ፒያሳ፣ ወርቅና ብር የሚሠራ ባለሙያ ዘንድ ነው፦ ስፋታቸው 6 ሚሊሜትር፣ ውፍረታቸው 0.5 ሚሊሜትር፣ ከጎን ሽቦ የሚበየድበት ትንሽ ምላስ ያላቸው። የመጀመሪያዎቹ 4 ዲስኮች ከጌጣጌጥ ብር ተቀጠቀጡ። ጌጣጌጥ ብር እንዲጠነክር መዳብ ይቀላቀልበታል፤ መዳብ ያለበት ዲስክ ቮልቴጁን የሚያረጋው የብር ክሎራይድ ንብርብር እንዲይዝ በበረኪና ሲነከር ጥቁሩ እኩል አይይዝም፣ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ጣል ጣል ይላል። በጨው ውኃ ውስጥ ጥንድ አድርገን ስንለካቸው 30 ሚሊቮልት ልዩነት አሳዩ፣ ያውም እየተንሳፈፈ። ሁለተኛ ጊዜ ያልተቀላቀለ ንጹሕ ብር ብለን አሠራን። ያ ጥንድ ከ1 ሚሊቮልት በታች ነው።

የክሎራይድ አሠራሩ ይህ ነው። ዲስኩን በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት ማሸት፤ በአልኮል መጥረግ፤ ከዚያ በጣት አለመንካት። ተራ በረኪና ሳይቀጠን 25 ደቂቃ። ቀለሙ ከብር ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ጠይም ሐምራዊ ይሄዳል፤ ፊቱ ሁሉ አንድ ቀለም ሲይዝ ይወጣል። ከዚያ በብዙ ውኃ ማጠብ፣ አንድ ሌሊት በንጹሕ ውኃ ማሳደር፣ ጠዋት እንደገና ማጠብ። ይህ ዕቃ የሚለጠፈው ከዓይን 1 ሴንቲሜትር ላይ ስለሆነ የበረኪና ሽታ ካለው አይለጠፍም። በማይሠራበት ጊዜ ሁለቱ ጥንዶች ሽቦአቸው ተገናኝቶ በጨው ውኃ ይቀመጣሉ (9 ግራም ጨው በ1 ሊትር)።

ብየዳው ጄል ከነካው ሌላ ብረት ተጨመረ ማለት ነው። ሁለት ዲስኮች ያለ ምክንያት የተንሳፈፉ መስሎን ነበር፤ ለካ ጄሉ በምላሱ በኩል ሾልኮ ቆርቆሮውን ነክቷል። አሁን ብየዳው በኢፖክሲ ይሸፈናል።

አቀማመጥ፦ ዋናው ከታችኛው የዓይን ቆብ በታች፣ ማነጻጸሪያው ጆሮ ግንድ ላይ፣ ሦስተኛው ግንባር ላይ። ቆዳው በአልኮል ከዚያም በማሻሻ ጄል ቀስ ብሎ ይታሻል። ኢምፒዳንሱን በተራ ቴስተር መለካት ክልክል ብለን ጽፈናል፤ ቴስተር ቀጥተኛ ከረንት ይልካል፣ ዲስኩን ያበላሻል፣ የሚያልፍበት ቦታም የዓይን ዙሪያ ነው።

ኅዳር፣ 2ኛ ሳምንት፦ ኤዲኤስ1299

ማጉያውንና ወደ ቁጥር መቀየሪያውን በአንድ ቺፕ የያዘው የኤዲኤስ1299 ቦርድ በሰው እጅ ከውጭ መጣ፣ 14,500 ብር። ከሁሉም ውዱ ዕቃ ይሄ ነው፤ ግን በአንድ ጊዜ ሦስት ችግር ይዞልን ሄደ። 24 ቢት ነው፤ ጌይን 24 ላይ መግቢያው ከፕላስም ከማይነስም 187.5 ሚሊቮልት ይችላል። ስለዚህ ቋሚው ልዩነት አያሞላውም፣ ካፓሲተርም አያስፈልግም። አንዱ ደረጃ 0.022 ማይክሮቮልት ነው። በዚያ ላይ ኢምፒዳንስ የሚለካበት የራሱ ከረንት አለው፦ 6 ናኖአምፔር በ31.2 ኸርዝ። 5 ኪሎ ኦም ላይ 30 ማይክሮቮልት ገደማ ስለሚሰጥ፣ ከዚያ በላይ ካሳየ ቆዳው እንደገና ይታሻል።

መሣሪያውን ከሚቆጣጠረው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ከኢኤስፒ32 ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ ትርጉም የሌለው ቁጥር አወጣ። ሁለቱ የሚነጋገሩበትን መስመር (ኤስፒአይ) ሞድ 0 አድርገነው ነበር፤ ቺፑ የሚሠራው በሞድ 1 ነው። በእያንዳንዱ ንባብ 27 ባይት ይመጣል፦ 3 የሁኔታ፣ 24 የስምንቱ ቻነል። የመጀመሪያዎቹ 4 ቢቶች ሁልጊዜ 1100 መሆን አለባቸው። እነሱ ትክክል ካልሆኑ የቀረውን ማየት ጊዜ ማባከን ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ወጥመድ እዚህ አለ። ደረጃው ቢያንስ 1,000 ናሙና በሰከንድ ይላል፤ እኛም 1,000 ላይ አደረግነው። የዚህ ቺፕ የውስጥ ፊልተር ግን ከናሙና ፍጥነቱ 0.262 ላይ ይቆርጣል፤ 262 ኸርዝ መሆኑ ነው። 300 ላይ አይደርስም። የሚጎዳው ደግሞ ከ75 እስከ 300 ኸርዝ ያለው የኦሲላቶሪ ፖቴንሻል (ቢ ሞገድ ላይ የሚታዩት ትንንሽ ፈጣን ሞገዶች) ነው፤ ለፓርኪንሰን ከሚታዩት ነገሮች አንዱ። ወደ 2,000 ከፍ አደረግነው፣ ቁርጡም 524 ኸርዝ ሆነ።

ኃይል፦ ከምን አለሽ ተራ የተገዙ፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ሁለት የሊቲየም ባትሪዎች፣ አንዱ 150 ብር። ሰው ላይ ኤሌክትሮድ ተለጥፎ እያለ ወደ ግድግዳ የሚሄድ ምንም ሽቦ የለም። ላፕቶፕ አይገናኝም፣ ቻርጀርም አይሰካም። ምዝገባው ኤስዲ ካርድ ላይ ይጻፋል። ካርዱ ሲጽፍ ከረንት ይስባል፤ ምዝገባው ውስጥ ሹል ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ቅጂው መጀመሪያ ሚሞሪ ላይ ይቆያል፣ ካርድ ላይ የሚጻፈው በሁለት ብልጭታ መካከል ነው። ዋይፋይና ብሉቱዝ ጠፍተዋል።

ኅዳር፣ 3ኛና 4ኛ ሳምንት፦ ብርሃን

ከሥራው ሁሉ ዋናው ይህ ነው ብለን እናምናለን። የሬቲና መልስ በብርሃኑ መጠን ይቀየራል፤ የብርሃኑ መጠን ካልታወቀ 25 ማይክሮቮልት ማለት ምንም ማለት አይደለም።

ዓይኑ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ብርሃን ማየት አለበት። ለዚህ የፒንግ ፖንግ ኳስ ለሁለት ቆርጠን፣ ግማሹን ዓይን ላይ አደረግነው፤ ኤልኢዲው ከውጭ ሆኖ በኳሱ ግድግዳ ያበራል። «40+» የሚል ጽሑፍ ያለበት ኳስ ይመረጥ፤ እሱ ፕላስቲክ ነው። የድሮው ሴሉሎይድ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ከሚሞቅ ኤልኢዲ ጋር ዓይን ላይ አይሆንም። የተቆረጠው ጠርዝ በቀጭን ስፖንጅ ይሸፈናል።

አሁን ልኬቱ። እኩል በሚያበራ ጉልላት አፍ ላይ የሚለካው ሉክስ ከካንዴላው ጋር ያለው ግንኙነት ቀላል ነው፦ ካንዴላ በ3.14 ሲባዛ ሉክስ ይሆናል። 30 ካንዴላ ጀርባ ማለት ዓይን በሚቀመጥበት ቦታ 94 ሉክስ ነው። ለብልጭታው 3 ካንዴላ ሰከንድ በ4 ሚሊሰከንድ ውስጥ ለማድረስ 750 ካንዴላ ያስፈልጋል፤ 2,356 ሉክስ። የኳሱ አፍ ስፋት 12.6 ካሬ ሴንቲሜትር ስለሆነ የሚወጣው ብርሃን 3 ሉመን ገደማ ነው። ኳሱ የሚውጠው ብዙ ቢሆንም ባለ 1 ዋት ነጭ ኤልኢዲ (40 ብር) ይበቃል። ትንሹ ባለ 5 ሚሊሜትር ኤልኢዲ አልበቃም።

የሉክስ መለኪያ (3,400 ብር) የ4 ሚሊሰከንድ ብልጭታ አያነብም። መላው ብልጭታውን እየደጋገሙ አማካዩን ማንበብ ነው። በሰከንድ 10 ጊዜ ሲበራ አማካዩ 30 ካንዴላ፣ ማለትም 94 ሉክስ መሆን አለበት፤ ነገር ግን መለኪያው በዚያ ፍጥነት ቁጥሩን ያዘልላል። በሰከንድ 50 ጊዜ ሲሆን ረጋ ብሎ ያነባል፤ ዒላማው 471 ሉክስ ነው። የመጀመሪያው ንባባችን 610 ነበር።

ማታ አስተካክለን 470 አደረስነው፣ በማግሥቱ 388 ሆኖ አገኘነው። የነካው ሰው የለም። ኤልኢዲው በባለ 3 ኦም ሬዚስተር በቀጥታ ከባትሪ ይሠራ ነበር። ባትሪው 4.2 ቮልት ላይ ሲሆን፣ ኤልኢዲው 3.1 ይወስዳል፣ 370 ሚሊአምፔር ያልፋል፤ ባትሪው ወደ 3.6 ሲወርድ 170 ብቻ። ባትሪው እየወረደ ሲሄድ ብልጭታው ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል ማለት ነው፣ ሬቲናም «ደከመ» ተብሎ ሊጻፍ ነበር። አሁን ሁለት ባትሪ በተከታታይ፣ አንድ ሞስፌት (ከረንቱን የሚያሳልፍ ትራንዚስተር)፣ እሱን የሚቆጣጠር አንድ ኦፕ አምፕና ባለ 1 ኦም ሬዚስተር፤ ሬዚስተሩ ላይ 0.35 ቮልት እንዲቆይ ይደረጋል፣ ከረንቱም 350 ሚሊአምፔር ላይ ይቆማል። ባትሪው ሲወርድም 468፣ 470፣ 469።

ለደካማው ብልጭታ (0.01 ካንዴላ ሰከንድ) 300 እጥፍ መቀነስ አለበት። የብልጭታውን ጊዜ ብቻ ብናሳጥር 13 ማይክሮሰከንድ ይሆናል፤ ከረንቱን የሚያጸናው ሰርኪት በዚያ ፍጥነት በትክክል አይረጋም። ከረንቱን 10 እጥፍ፣ ጊዜውን 30 እጥፍ ቀነስን። ኤልኢዲ በከረንት ልክ እኩል ስለማይደበዝዝ ለየብቻ ተለክቷል።

ታኅሣሥ፣ 1ኛ ሳምንት፦ 50 ኸርዝ

የመጀመሪያው የቆዳ ምዝገባ ላይ 50 ኸርዝ ብቻ ነው የታየው፤ 38 ማይክሮቮልት። ቅርቡ የሚያልፈውን የቀላል ባቡር መስመር ጠረጠርን፤ ግን ባቡሩ በቀጥተኛ ከረንት ነው የሚሠራው፣ ሰዓቱም አልገጠመም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ምዝገባው እየሄደ መብራት ጠፋ። መስመሩ በዚያችው ሰከንድ ጸጥ አለ፤ 38 የነበረው 2 ሆነ። ያች የ40 ደቂቃ መጥፋት ከሳምንት ሙከራ በላይ ጠቀመችን፦ ምንጩ የክፍሉ ሽቦ ነው፣ መሣሪያው አይደለም። ሶኬቶቹን ስንከፍት ኧርዝ የላቸውም። ከወንበሩ ጀርባ ግድግዳው ውስጥ የሚያልፍ መስመር አለ፣ ዲቫይደሩም ወንበሩ ሥር ነበር።

የተደረገው፦ ወንበሩ ወደ ክፍሉ መሐል መጣ፤ በምዝገባ ጊዜ የክፍሉ ብሬከር ይወርዳል፤ የኤሌክትሮድ ሽቦዎቹ እንደ ሹሩባ ተጎነጎኑ፤ የጋራውን ኖይዝ ገልብጦ ወደ ሰውነት የሚመልሰው የቺፑ የባያስ መውጫ ግንባር ላይ ተገናኘ። አሁን 50 ኸርዙ ከ3 ማይክሮቮልት አይበልጥም።

ከዚያ ደግሞ የጊዜ ምርጫ አለ። ብልጭታው በየ500 ሚሊሰከንዱ ከሆነ፣ በመካከሉ ልክ 25 የ50 ኸርዝ ዑደት ስለሚገባ ኖይዙ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይወድቃል፣ መቶ ቅጂ ቢደመርም አይጠፋም። 510 ሲሆን 25.5 ዑደት ነው፤ አንዱ ቅጂ ላይ የወጣው በሚቀጥለው ላይ ይወርዳል፣ ሁለቱ ይጣፋሉ። ለዚህ 10 ሚሊሰከንድ ምንም አልከፈልንም። የጎረቤት ጀነሬተር ሲነሳ ግን አይሠራም፤ የጀነሬተር ፍጥነት ስለማይረጋ ዑደቱ ይዛነፋል። በዚያ ሰዓት አንመዘግብም።

ታኅሣሥ፣ 2ኛ ሳምንት፦ የሐሰት ሞገዶች

አንድ የሚያምር ሞገድ አገኘን፤ በዜሮ ሚሊሰከንድ የሚጀምር፣ 60 ማይክሮቮልት። የሬቲና መልስ በዜሮ አይጀምርም። ዓይኑን በጥቁር ጨርቅና በፎይል ሸፍነን ስንደግም ሞገዱ እንዳለ ነው። ኤልኢዲውና ማጉያው ባትሪ ይጋሩ ነበር፤ 350 ሚሊአምፔር ሲሳብ የማጉያው ኃይል ይወርዳል። ለኤልኢዲው የራሱ ባትሪ ሰጠነው፣ ትእዛዙም ያለ ሽቦ ግንኙነት በብርሃን በሚያስተላልፍ 6ኤን137 ኦፕቶካፕለር በኩል እንዲያልፍ ሆነ። የቀረው 4 ማይክሮቮልት የኤልኢዲው ሽቦ ሲጎነጎንና በፎይል ሲሸፈን ጠፋ።

ሁለተኛው የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም ዓይን ሲሸፈን ይጠፋል። የብር ክሎራይድ ራሱ ብርሃን ይሰማዋል፤ ድሮ የፎቶ ፊልም የሚሠራው ከዚህ ዓይነት ጨው ነው። ዲስኮቹን በጨው ውኃ ብርጭቆ ውስጥ አድርገን ብልጭታ ስንሰጥ 9 ማይክሮቮልት ወጣ፤ ብርጭቆ ውስጥ ደግሞ ሬቲና የለም። ዲስኩ ከኳሱ ውጭ እንዲሆን ጠርዙ ላይ ቦታ ተቆረጠለት፣ ከላዩም ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ይለጠፋል። የብርጭቆው ሙከራ አሁን በየሳምንቱ ይደገማል።

ብልጭታው መቼ እንደወጣ ለማወቅ ቢፒደብሊው34 ፎቶዳዮድ ኳሱ ጎን ላይ አድርገን በሁለተኛው ቻነል እንመዘግበዋለን። ሁለቱም ቻነል በአንድ ፊልተር ስለሚያልፉ እኩል ይዘገያሉ፤ የሶፍትዌሩን ሰዓት ማመን አያስፈልግም።

ታኅሣሥ መጨረሻ፦ ሞገዱ

የምንመዘግበው በራሳችን ዓይን ብቻ ነው። ብሌን የሚያሰፋውን ጠብታ (ትሮፒካማይድ 1 በመቶ) የሚያደርጉልን የዓይን ሐኪም ናቸው፤ የፊተኛው ክፍል ጠባብ የሆነ ዓይን ላይ ጠብታው ግፊት ሊያስነሳ ስለሚችል አስቀድመው ያያሉ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው 30 ኸርዝ ብልጭ ድርግም የሚለው ፊት አይቀመጥም።

ብሌን ለምን እንደምናሰፋ፦ የ3 ሚሊሜትር ብሌን ስፋት 7 ካሬ ሚሊሜትር ነው፣ የ8 ሚሊሜትሩ 50። ያው ብልጭታ ሬቲና ላይ 7 እጥፍ ይለያያል። የብሌኑ ስፋት በየምዝገባው ይጻፋል።

10 ደቂቃ በ30 ካንዴላ ጀርባ፣ ከዚያ የ3 ካንዴላ ሰከንድ ብልጭታ፣ 60 ቅጂ። ኤ ሞገድ 15 ሚሊሰከንድ ላይ፣ ቢ ሞገድ 30 ላይ፣ 26 ማይክሮቮልት። ዓይኑ ሲሸፈን ምንም የለም። በ30 ኸርዝ ሲደገም ጫፉ 27 ሚሊሰከንድ ላይ ተቀመጠ። የስኳር በሽታ ሬቲናን መንካት ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ የሚዘገየው ይህ የመጨረሻው ጊዜ ስለሆነ ለብቻው ይመዘገባል።

የጨለማው ክፍል ብዙ ታሪክ የለውም። 20 ደቂቃ ጨለማ ያስፈልጋል፤ መስኮቱ በሁለት ድርብ ጥቁር መጋረጃ ተሸፈነ፣ የበሩ ሥር በብርድ ልብስ ተወተፈ። የኢኤስፒ32 ቀይ ኤልኢዲ ሳይሸፈን ቀርቶ አንድ ሙሉ ምዝገባ አበላሸ። በ0.01 ብልጭታ ቢ ሞገዱ 95 ሚሊሰከንድ ላይ ደረሰ፤ ዝግተኛ፣ በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት የሮድ ሴሎች መልስ። የቫይታሚን ኤ እጥረትና በዘር የሚተላለፈው የሬቲና በሽታ ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ መጀመሪያ የሚያጠፉት እሱን ነው፤ በቫይታሚን እጥረት የጠፋው ግን ሲታከሙ ሊመለስ ይችላል።

ጥር፦ ቀይ በሰማያዊ ላይ

ለጋንግሊዮን ሴሎች ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በስክሪን ላይ የሚገላበጥ የዳማ ሰሌዳ፣ ፓተርን ኢአርጂ ነው። ጥሩ ምርመራ ነው፤ ነገር ግን ምስሉ ሬቲና ላይ ጥርት ብሎ መውደቅ አለበት። የዓይን ሞራ ያለበት ወይም መነጽሩን ያልያዘ ሰው ውጤቱ ይወርድበታል፣ ጥፋቱም የጋንግሊዮን ሴሎቹ ይመስላል። ፒኤችኤንአር ጥርት ያለ ምስል አይፈልግም። ሞራ በሚበዛበት አገር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ስለዚህ እሱን መረጥን።

የሚመከረው ከ630 እስከ 660 ናኖሜትር ቀይ ብልጭታ፣ ከ450 እስከ 485 ሰማያዊ ጀርባ፣ ጀርባው 10 ካንዴላ ነው። ሰማያዊው ሮዶችን ያፍናል፣ ቀዩ በደማቅ ብርሃን የሚሠሩትን ኮኖች ይቀሰቅሳል።

እዚህ የሉክስ መለኪያው ከዳን። ርካሽ መለኪያ የሚስተካከለው በነጭ ብርሃን ነው፤ በጠባብ ቀለም ላይ በጣም ይስታል። ስለዚህ በፎቶዳዮዱ ኃይሉን በዋት ለክተን በሰው ዓይን የስሜት መጠን ማባዛት ነበረብን፦ 683 በዚያ ሞገድ ርዝመት ካለው እሴት ጋር። 470 ናኖሜትር ላይ እሴቱ 0.091 ነው፣ 630 ላይ 0.265፣ 640 ላይ 0.175፣ 660 ላይ 0.061። ልብ ይባል፤ ከ630 ወደ 640 ብቻ ሲሄድ አንድ ሦስተኛው ይጠፋል። የገዛነው ቀይ ኤልኢዲ ከረጢት ላይ የተጻፈው «620–640» ነው። ይህ ልኬት አይደለም፤ ግምት ነው። ቀይ ኤልኢዲ ሲሞቅም ይደበዝዛል፣ ቀለሙም ይሸሻል።

እስከዚያው በ635 አስልተን በ1.5 ካንዴላ ሰከንድ መዘገብን፣ 100 ቅጂ፣ በየ510 ሚሊሰከንዱ። ከ70 ሚሊሰከንድ አካባቢ ዝቅ ያለው ሞገድ ታየ፦ 5.5 ማይክሮቮልት። ኖይዙ በቅጂ ብዛት ስኩዌር ሩት ስለሚቀንስ፣ 10 ማይክሮቮልት የነበረው በ100 ቅጂ 1 ይሆናል፤ 25 ቅጂ ላይ ግን 2 ነው፣ ሞገዱም በግልጽ አይለይም። በብርሃን መደናገጥ የሚመጣ የዓይን ጥቅሻ ከ50 ሚሊሰከንድ በኋላ ስለሚጀምር ልክ እዚህ መስኮት ውስጥ ይወድቃል። ከ60 ማይክሮቮልት በላይ የዘለለ ቅጂ ይጣላል። ከ100 ውስጥ ከ30 በላይ ከተጣለ ሰውየው አርፎ ይደገማል።

የካቲት፦ ድግግሞሽ

አንድ ዓይን፣ 5 ቀን፣ ኤሌክትሮዱ በየቀኑ ተነቅሎ እየተለጠፈ። ቢ ሞገድ ከአማካዩ 10 በመቶ ገደማ ይወጣል ይወርዳል፤ ጊዜው ከ1 ሚሊሰከንድ አያልፍም። ፒኤችኤንአር ግን 30 በመቶ ይወዛወዛል። ዲስኩ ከቆቡ በ5 ወይም በ12 ሚሊሜትር መራቁ ብቻ ብዙ ይለውጣል፤ ስለዚህ ከወፍራም ወረቀት የተቆረጠ መለኪያ ሠርተን 8 ላይ አጸናነው። ፒኤችኤንአርን ለቢ ሞገድ ስናካፍለው ውዝዋዜው ወደ 15 በመቶ ወረደ፤ አሁን ሁለቱም ይጻፋሉ።

ከዚህ በመነሳት መሣሪያው ምን ሊል እንደሚችል በግልጽ መጻፍ አለበት። ኤ እና ቢ ደህና ሆነው ፒኤችኤንአር ብቻ ከወረደ፣ ችግሩ ጋንግሊዮን ሴሎች ወይም የዓይን ነርቭ ጋ ነው። ግላኮማ ይሁን፣ ኢታምቡቶል ይሁን፣ አልዛይመር ይሁን ሞገዱ ራሱ አይለይም፤ የዓይን ግፊት፣ የነርቩ ገጽታ፣ የኦሲቲ (የሬቲናን ንብርብሮች በብርሃን የሚቃኝ መሣሪያ) ምስልና የመድኃኒት ታሪክ ያስፈልጋሉ። በፓርኪንሰን የሬቲና አማክሪን ሴሎች ዶፓሚን ስለሚያንስ ቢ ሞገድና ኦሲላቶሪ ፖቴንሻሉ ሊለወጡ ይችላሉ፤ ይህም በዕድሜ ከሚመጣው ለውጥ ጋር ይደራረባል። በ30 በመቶ በሚወዛወዝ ሞገድ 20 በመቶ ቀነሰ ብሎ ለአንድ ሰው «የአንጎል በሽታ ጀምሮሃል» ማለት ትልቅ በደል ነው። የሚጠቅመው ያንኑ ሰው በየጊዜው ከራሱ ጋር ማነጻጸር ነው፤ ለምሳሌ ኢታምቡቶል ከመጀመሩ በፊትና በየወሩ።

ከሌላ ቦታ የተወሰደ «ጤናማ መጠን» ለዚህ መሣሪያ አይሠራም፤ ኤሌክትሮዱ፣ ኳሱና የብርሃን ልኬቱ የራሱ ነው። የራሱን ለማዘጋጀት ጤናማ ሰዎችን በየዕድሜ ክልሉ መመዝገብ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አይጀመርም። ማመልከቻው እየተጻፈ ነው።

እስካሁን የወጣ ወጪ፦ ኤዲኤስ1299 14,500፤ ኢኤስፒ32 1,400፤ የብር ዲስኮች ከተበላሹት ጋር 2,600፤ ሉክስ መለኪያ 3,400፤ ኤልኢዲ፣ ሞስፌት፣ ኦፕቶካፕለርና ፎቶዳዮድ 1,150፤ ኳስ፣ ስፖንጅ፣ መጋረጃ 1,900፤ ባትሪ 600፤ ጄል፣ አልኮል፣ ጠብታ 1,300፤ የተተወው ኤዲ620 650። ድምሩ 27,500 ብር።

ቀጣዩ ሥራ ቀዩን ኤልኢዲ የሞገድ ርዝመቱ በጠባብ ክልል በተጻፈበት መተካትና ከኋላው የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ማድረግ ነው። እስከዚያ ድረስ የጥርና የየካቲት የፒኤችኤንአር ፋይሎች ሁሉ ስማቸው ላይ «ቀይ ያልተረጋገጠ» የሚል ተጨምሮባቸዋል፣ ከአዲሶቹም ጋር አይደባለቁም።